ለሕፃን ልጅዎ ሽንሽን ቀሚስ በቤትዎ ቀደው ይስፉ

የሕፃን ልብስ ሲታይ ትንሽ ነው። ዋጋው ሲጠየቅ ግን ትንሽ አይደለም። በተለይ ለክርስትና፣ ለልደት፣ ለዒድ ወይም ለእንቁጣጣሽ የሚፈለገው ከአንገቱ እስከ ጠርዙ በሽንሽን ያጌጠ የሴት ሕፃን ቀሚስ የአንዲትን ሠራተኛ እናት ቦርሳ የሚያራቁት ሆኖ ይገኛል። ተገዝቶም ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተለበሰ በኋላ ልጅቱ ስታድግ ያጥራል፤ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

የገንዘቡ ነገር ይህ ሆኖ፣ ከገንዘብ የሚበልጥ ጉዳይም አለ። ለዓይን ተብሎ የተሠራ የሕፃን ቀሚስ ብዙውን ጊዜ ለለባሿ አልታሰበም። አንገቱ ከመጥበቡ የተነሣ ጭንቅላቷ ላይ ይታነቃል። በብብቷ ሥር የገባው የናይለን ሽንሽን ቆዳዋን ይፈገፍጋል። ጀርባው ላይ የተደረደረው ጎላ ያለ ቁልፍ ስትተኛ ይቆረቁራታል። በድግሱ ቀን ልጅቱ ያለማቋረጥ ስታለቅስ «ዓይን በላት» ይባላል እንጂ ቀሚሷን ገልጦ የሚያይ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን አንዲት እናት የልጇን ቀሚስ በራሷ ልክ ወረቀት ላይ ነድፋ፣ ቀዳና ሸንሽና እንዴት ልትሰፋ እንደምትችል በዝርዝር እናቀርባለን። ሥራው የሚጠይቀው የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት አይደለም። መደመር፣ ማካፈልና ትዕግሥት ይበቁታል።

ቅድ በወረቀት ላይ

ልምድ ያለው ልብስ ሰፊ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በሳሙና ቁራጭ አስምሮ በቀጥታ ሊቀድ ይችላል። ለጀማሪ ግን ጨርቅ ከተቆረጠ የማይመለስ ነገር ነው። ወረቀት ቢበላሽ ሌላ ወረቀት ይተካል። የወረቀት ቅድ ጥቅሙ ይኸው ነው።

በየልኩ የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ ለገበያ ማቅረብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስተርሊንግ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ጀማሪውም ኢቤኔዘር በትሪክ የተባለ ልብስ ሰፊ ነበር። ሐሳቡ የመነጨው ሚስቱ ለሕፃን ልጃቸው ቀሚስ ልትቀድ ስትሞክር በልጁ ልክ የተዘጋጀ ቅድ ቢኖር ሥራው ምን ያህል እንደሚቀልላት በመናገሯ እንደሆነ ይተረካል። ከዚያ በፊት የሚገኙት ቅዶች በአንድ ልክ ብቻ የተዘጋጁ ስለነበሩ፣ እያንዳንዷ ሰፊ በግምት ማስፋትና ማጥበብ ነበረባት። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው ይህ ዘዴ መነሻው የሕፃን ቀሚስ ነበር ማለት ነው።

ለመንደፊያ ልዩ ወረቀት መግዛት አያስፈልግም። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ እጅግ ይስማማል። የዕቃ መጠቅለያ ካኪ ወረቀትም ይሆናል። ይህን ጋዜጣ አንብበው ሲጨርሱ ቢጠቀሙበትም ቅር አይለንም፤ ይሁንና የጋዜጣ ቀለም ነጭ ጨርቅን ስለሚያቆሽሽ ለነጭ ቀሚስ ባይሆን ይመረጣል። ከወረቀቱ ሌላ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ መቀስና ስፒል ያስፈልጋሉ። ወረቀት የሚቆረጥበት መቀስና ጨርቅ የሚቆረጥበት መቀስ ቢለያዩ መልካም ነው፤ ወረቀት መቀስን ያደንዛልና።

አምስት ልኮች

ሕፃን ቆማ አትለካም። ስለዚህ ልኩን ስትተኛ ወይም ሌላ ሰው አቅፏት ሳለ መውሰድ ይቀላል። የሚፈለጉት ልኮች አምስት ናቸው። ከዚህ በታች የሚታዩት ቁጥሮች ለአንድ ዓመት ሕፃን በምሳሌነት የቀረቡ ናቸው፤ እርስዎ የልጅዎን ልክ ይተኩባቸው።

1ኛ/ የደረት ዙሪያ፣ በብብት ሥር ሜትሩን ሳያጠብቁ፣ 48 ሴንቲ ሜትር።
2ኛ/ የአንገት ዙሪያ፣ 25 ሴንቲ ሜትር።
3ኛ/ ከአንዱ ትከሻ ጫፍ እስከ ሌላው ትከሻ ጫፍ በጀርባ በኩል፣ 20 ሴንቲ ሜትር።
4ኛ/ ከአንገት ሥር ከትከሻ ጀምሮ እስከ ጉልበት፣ 38 ሴንቲ ሜትር።
5ኛ/ የጭንቅላት ዙሪያ፣ በግንባር ላይ፣ 46 ሴንቲ ሜትር።

አምስተኛውን ልክ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የሕፃን አካል ግን ከአዋቂ አካል የተለየ ነው። ገና የተወለደች ሕፃን ጭንቅላቷ ከቁመቷ አንድ አራተኛ ያህል ይሆናል፤ የጭንቅላቷ ዙሪያም ከደረቷ ዙሪያ በጥቂቱ ይበልጣል። ሁለቱ የሚስተካከሉት ወደ አንድ ዓመት ገደማ ነው። በመሆኑም ለአንገቷ የሚበቃ ቀዳዳ ለጭንቅላቷ አይበቃም። በአንገት በኩል በግድ የሚገባ ቀሚስ ምንጩ ይህን አለመለካት ነው።

የደረቱን ክፍል መንደፍ

ቀሚሱ ሦስት ክፍሎች አሉት። እነዚህም ሽንሽን የሌለበት የደረት ክፍል፣ ከእርሱ የሚንጠለጠለው ጉርድ፣ እንዲሁም ከጉርዱ ሥር የሚቀጠለው የታች ሽንሽን ናቸው። በንድፍ መሠራት ያለበት የደረቱ ክፍል ብቻ ነው። የቀሩት ቀጥ ያሉ አራት ማዕዘኖች ስለሆኑ በማስመሪያ ይወጣሉ።

በመጀመሪያ ወረቀቱ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ያስምሩ። ወርዱን ለማግኘት በደረት ዙሪያው ላይ ለመተንፈሻና ለመንቀሳቀሻ 8 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ለ4 ያካፍሉ። በምሳሌያችን 48 ሲደመር 8፣ 56 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 14 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመቱን ለማግኘት የደረት ዙሪያውን ለ4 አካፍለው 4 ይጨምሩበት። 48 ለ4 ሲካፈል 12፣ አራት ሲታከልበት 16 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የላይኛውን ግራ ማዕዘን «ሀ»፣ የላይኛውን ቀኝ «ለ»፣ የታችኛውን ቀኝ «ሐ»፣ የታችኛውን ግራ «መ» ብለው ይሰይሙ። ከ«ሀ» እስከ «መ» ያለው መስመር የቀሚሱ መካከል ነው።

አንገት፦ የአንገት ዙሪያውን ለ5 ያካፍሉ። 25 ለ5 ሲካፈል 5 ነው። ከ«ሀ» ወደ «ለ» 5 ሴንቲ ሜትር ለክተው ነጥብ ያድርጉ። ከ«ሀ» ወደ «መ» ደግሞ ለፊት 6 ሴንቲ ሜትር፣ ለኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይውረዱ። ነጥቦቹን በጎበጠ መስመር ያገናኙ። የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ጠርዝ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው።

ትከሻ፦ የትከሻውን ልክ ግማሽ፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ከ«ሀ» ወደ «ለ» ይለኩ። ከዚያ ነጥብ ቀጥታ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይውረዱና ከአንገቱ ነጥብ ጋር በማስመሪያ ያገናኙት። ትከሻ ተዳፋት ስለሆነ ይህ 2 ሴንቲ ሜትር ካልወረደ ቀሚሱ አንገት ሥር ይቆለላል።

የክንድ መግቢያ፦ ከ«ለ» ወደ «ሐ» የደረት ዙሪያውን አንድ አራተኛ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ይውረዱና ነጥብ ያድርጉ። ከትከሻው ጫፍ ወደ ታች 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብለው ከወረዱ በኋላ ወደዚህ ነጥብ በጎበጠ መስመር ይዙሩ። ከፊት በኩል ጉብጠቱ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ጠለቅ ቢል ልጅቱ እጇን ወደ ፊት ስትዘረጋ ጨርቁ ብብቷ ላይ አይከመርም። የቀረው 4 ሴንቲ ሜትር የጎን ስፌት ይሆናል።

ፊትና ኋላ የሚለያዩት በአንገቱ ጥልቀትና በክንድ መግቢያው ብቻ ስለሆነ፣ ኋላውን በሁለተኛ ወረቀት ላይ ገልብጠው ያዘጋጁ። በኋላው መካከል ላይ ለቁልፍ መደራረቢያ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ውስጥ ለሚታጠፈው ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ በድምሩ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጨምሩ።

አሁን ጭንቅላት ይገባ አይገባ እንደሆነ በቁጥር እናረጋግጥ። ይህ የአንገት ቅድ ሲሰፋ ዙሪያው 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የልጅቱ ጭንቅላት 46 ነው፤ ስለዚህ አይገባም። ኋላው ግን ከአንገት እስከ ደረቱ ክፍል መጨረሻ 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሲከፈት፣ በሁለት ጠርዙ 29 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። 28ና 29 ሲደመር 57 ነው። ጭንቅላቷ ያለ ችግር ያልፋል፤ እናትም ልጅም አይታገሉም።

ንድፉ ሲያልቅ በዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ጨምረው ይቁረጡት። ፊቱ ላይ «መካከሉ በእጥፋት ላይ፣ አንድ ጊዜ»፤ ኋላው ላይ «ሁለት ጊዜ» ብለው ይጻፉበት። ይህ ካልተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ልጅዎ ከዚህ ካነሰች ሒሳቡ አይለወጥም። ደረቷ 44 ከሆነ ወርዱ 13፣ የክንድ መግቢያው ጥልቀት 11፣ ቁመቱ 15 ይሆናል። ለ80 ቀን ክርስትና ለምትደርስ ደረቷ 40 ለሆነ ሕፃን 12፣ 10 እና 14 ማለት ነው።

ሽንሽኑ ስንት እጥፍ ይሁን?

ሽንሽን ማለት ረዥም ጨርቅ አጭር ቦታ ላይ እንዲያርፍ መሰብሰብ ነው። ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነው የጨርቁ ውፍረት ነው። እንደ ፖፕሊን ላለ ጨርቅ ለጉርዱ ሁለት እጥፍ ተስማሚ ነው። ወፈር ላለ ጨርቅ አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃል። ሳሳ ላለ ጨርቅ ሁለት ተኩል ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ሲያልፍ ስፌቱ ይወፍርና የሕፃኗን ደረት ይጫናል።

የደረቱ ክፍል ዙሪያ 56 ስለሆነ፣ ለጉርዱ እያንዳንዳቸው 57 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይበቃሉ። ጎንና ጎናቸው ሲሰፋ 110 ይሆናሉ። የታች ሽንሽኑ የዚህ አንድ ተኩል፣ ማለትም 165 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህንንም እያንዳንዳቸው 57 በ10 የሆኑ ሦስት ቁራጮችን አገናኝቶ ማግኘት ይቻላል።

ቁመቱ ደግሞ እንዲህ ይሰላል። ከትከሻ እስከ ጉልበት ያለው 38 ነው። የደረቱ ክፍል 16 ሲወሰድለት 22 ይቀራል። ከዚህ 7ቱ ለታች ሽንሽን ሲሆን 15ቱ ለጉርዱ ነው። ጉርዱ ግን 15 አይቆረጥም፤ 23 ይቆረጣል። ከላይና ከታች ለስፌት 2 ሴንቲ ሜትር፣ ለሁለት የማሳደጊያ እጥፋቶች ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ስለሚያስፈልግ ነው።

እነዚህ እጥፋቶች ለገንዘብዎ ትልቁን ጥቅም የሚያስገኙ ናቸው። አንዲት ሕፃን ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ቁመቷ በአማካይ 11 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። የደረቷ ዙሪያ የሚጨምረው ግን 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ በዚያ ዕድሜ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን እምብዛም አታድግም። ስለዚህ ቀሚሱ ቀድሞ የሚያጥረው በቁመት ነው። በወርድ በኩል የጨመርነው 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃታል። በቁመት ሲያጥር አንዱ እጥፋት ሲፈታ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው ሲፈታ ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። እንግዲህ ሽንሽኑና እጥፋቱ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የሚመጣው ዓመት ጨርቅ ከወዲሁ የተቀመጠባቸው ናቸው።

ስንት ሜትር ይገዛ?

የጨርቁ ወርድ 115 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሦስት ሩብ ሜትር ይበቃል። በአንዱ ረድፍ የደረቱ ክፍሎች፣ በሁለተኛው ሁለቱ የጉርድ ቁራጮች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ የታች ሽንሽን ይወጣሉ። ከአራቱ የሽንሽን ቁራጮች አንዱ ስለሚተርፍ ለትከሻው ሽንሽን ይውላል። ወርዱ 90 ከሆነ 1 ሜትር ይግዙ። ባለ አበባ ወይም ባለ መስመር ጨርቅ ከሆነ ሥዕሉ እንዲገጥም 10 ሴንቲ ሜትር ያክሉበት።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ መድረቅና መተኮስ አለበት። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ቀለሙም የሚለቅ እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በተጨማሪም በፋብሪካ ለማጠንከሪያ የተቀባው ነገር ከሕፃን ቆዳ ጋር ሳይገናኝ ይወገዳል። ከታጠበ በኋላ ወርዱ በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ አያሳስብዎ። ቁራጮቹ 57 መሆናቸው ቀርቶ 55 ቢሆኑ ሽንሽኑ ላይ የሚታይ ለውጥ አይመጣም።

ከሁሉ አስቀድሞ ከአሮጌ አንሶላ የደረቱን ክፍል ብቻ ቀደው በእጅ አያይዘው በልጅቱ ላይ ይሞክሩት። የሚጠበው ወይም የሚሰፋው በዚያው ላይ ይታወቅና ወረቀቱ ይታረማል።

የስፌቱ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ የኋላውን ሁለት ጠርዞች ወደ ውስጥ አጥፈው ይስፉ፤ ቀጥሎም ትከሻዎቹን ያገናኙ። ለአንገቱና ለክንዱ መግቢያ 3 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ በጨርቁ ላይ በሰያፍ የተቆረጠ ጥብጣብ ያስፈልጋል። ከደረቱ ክፍሎች ጎን የሚተርፈው ጨርቅ ለዚህ ይበቃል። በሰያፍ መቆረጡ ጨርቁ እንዲለጠጥና በጎበጠው መስመር ላይ ሳይሸበሸብ እንዲዞር ያደርገዋል። የአንገቱን የስፌት ትርፍ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ በመቀስ ጫፍ ሰንጠቅ ያድርጉት፤ ስፌቱን ግን እንዳይነኩ ይጠንቀቁ።

ለትከሻው ሽንሽን ከተረፈው ቁራጭ 28 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ መካከሉ 6 ሆኖ ወደ ጫፎቹ 2 ሴንቲ ሜትር እየጠበበ የሚሄድ ሁለት ቁራጭ ያውጡ። ውጭውን ጠርዝ ቀጠን አድርገው ይዘምዝሙ። ሌላውን ጠርዝ ሸንሽነው ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ያምጡትና መካከሉ ትከሻው ስፌት ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይስፉ። ወደ ብብቱ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ፤ ብብት ላብ ያለበት ቦታ ስለሆነ ሽንሽን አይሻም። ከዚያ በሰያፍ ጥብጣቡ ሸፍነው የጎን ስፌቶችን ይዝጉ።

ወደ ጉርዱ እንለፍ። ሁለቱን ቁራጮች በጎን አገናኝተው ክብ ካደረጉ በኋላ፣ ከታች ጠርዝ በ5 እና በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ዙሪያውን ሁለት መስመር ያስምሩ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጨርቁን አጥፈው ከእጥፋቱ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገባ ብለው በረዥም ስፌት ይስፉ። ረዥም የሚሆነው በኋላ በቀላሉ እንዲተረተር ነው። እጥፋቱ ሲፈታ መስመሩ ደብዛዛ ምልክት ሊተው ስለሚችል፣ ያን ጊዜ ቀጭን ዳንቴል ወይም ሪባን ቢሰፋበት ይሸፈናል።

የታች ሽንሽኑን ሦስት ቁራጮች አገናኝተው ክብ ያድርጉና ታችኛውን ጠርዝ ግማሽ፣ ከዚያም 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል አጥፈው ይዘምዝሙ። ለመሸንሸን በላይኛው ጠርዝ ሁለት ረድፍ ረዣዥም ስፌት ይስፉ፤ አንዱን ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛውን 1 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ላይ። በአንድ ረድፍ ብቻ የተሸነሸነ ጨርቅ ይጠማዘዛል፤ ክሩም ከተበጠሰ ሁሉም ይፈታል። የሁለቱን ረድፎች የታች ክሮች አብረው ቀስ እያሉ ይሳቡ።

ሽንሽኑ በአንድ በኩል እንዳይበዛ፣ በሌላው እንዳይሳሳ፣ ሽንሽኑንም ጉርዱንም እኩል ለአራት ከፍለው ምልክት ያድርጉና ምልክት ከምልክት በስፒል ያያይዙ። ከዚያ በየሩቡ ያስተካክሉ። ዋናው ስፌት በሁለቱ የመሸንሸኛ ረድፎች መካከል፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልፋል። ሲያልቅ በውጭ የሚታየው ረድፍ ይነቀላል። ጉርዱን ከደረቱ ክፍል ጋር ማገናኘትም በዚሁ ዘዴ ነው። የኋላው መደራረቢያ አንዱ በአንዱ ላይ አርፎ መያያዝ እንዳለበት አይርሱ። በመጨረሻ ጠፍጣፋና አነስተኛ ሦስት ቁልፎች በኋላው ላይ ይተከላሉ።

መኪና የሌላት እናትም ይህን ቀሚስ መስፋት ትችላለች። የደረቱ ክፍል ትንሽ ስለሆነ ጥቅጥቅ ባለ የእጅ ስፌት ይያዛል፤ መሸንሸን ደግሞ በእጅ ሲሆን እንዲያውም ያምራል። ወይም የተቀደደውንና የተሸነሸነውን ይዛ በሰፈሯ በረንዳ ላይ መኪና ለዘረጋ ልብስ ሰፊ ብትሰጠው የምትከፍለው የመኪናውን ብቻ ይሆናል።

ጥንቃቄ

ሽንሽን ቀሚስ ስናለብስ ልናስብባቸው የሚገቡ የአደጋ ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው እሳት ነው። በቤታችን የቡና ከሰል የሚቀመጠው ወለል ላይ ነው፤ የአንድ ዓመት ሕፃንም ዓለሟ ወለል ነው። ሰፊ ሽንሽን ከገላ የራቀና አየር የገባበት ስለሆነ ፍም ሲነካው ፈጥኖ ይያያዛል። ናይለንና መሰል ጨርቆች ደግሞ ሲቃጠሉ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ ቁስሉም የከፋ ይሆናል። የጥጥ ጨርቅ አይቀልጥም፤ ነገር ግን እርሱም በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ የጨርቅ ምርጫ ብቻውን አያድንም። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ልጅቱ በሰው እጅ ትሁን፤ ከሰሉም እርሷ ከማትደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ርዝመት ነው። ገና በምትድህ ልጅ ላይ ከጉልበት ያለፈ ቀሚስ ጉልበቷ ሥር እየገባ በግንባሯ ይደፋታል። «ታድግበታለች» ተብሎ አስረዝሞ ከመስፋት ይልቅ እጥፋቱን መተው ይሻላል ያልነው ስለዚህም ጭምር ነው።

ሦስተኛው በአንገት ዙሪያ የሚታሰር ገመድ ወይም ሪባን ነው። በአልጋ ወይም በወንበር ጉጥ ሲያዝ ሊያንቅ ይችላል። የአውሮፓ አገሮች የሚመሩበት ኢ.ኤን. 14682 የተባለው የልጆች ልብስ ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በልብስ አንገት ዙሪያ ማሰሪያ ገመድ እንዳይኖር ያዛል። በቤት የሚሰፋ ልብስም ይህን ቢከተል መልካም ነው።

አራተኛው የተፈታ ነገር ነው። ቁልፍ በድርብ ክር ካልተተከለ ተነቅሎ ወደ አፍ ይገባል። በውስጥ በኩል የተንጠለጠለ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ ቀሚሱ ሲያልቅ ገልብጠው ትርፍ ክሩን ሁሉ ይቁረጡ፤ ጠርዞቹን ይዘምዝሙ። ሥራ ሲጀመር የነበሩትን ስፒሎች ቆጥረው፣ ሲያበቃም ይቁጠሩ። አንድ የጎደለ እንደሆነ ሳይገኝ ቀሚሱ አይለበስ።

ጊዜውስ ከየት ይመጣል?

ሠራተኛ እናት «ጊዜ የለኝም» ብትል እውነቷን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣታል። ከዚያ በኋላ ቀኑ የመሥሪያ ቤት፣ ምሽቱ የቤት ሥራ ነው። ስለዚህ ሥራውን በምሽቶች መከፋፈል ይሻላል። በመጀመሪያው ምሽት ልክና ንድፍ፣ በሁለተኛው ሙከራና ቅድ፣ በሦስተኛው የደረቱ ክፍል፣ በአራተኛው ጉርድና ሽንሽን፣ በአምስተኛው ማገናኘትና ቁልፍ ቢሆን፣ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። በነዚያ ምሽቶች ልጅቱን የሚይዝና እራት የሚያቀርብ አባት ቢኖር ደግሞ ቀሚሱ የሁለቱም ሥራ ይሆናል።

ያለቀው የወረቀት ቅድ አይጣልም። አጥፈው በፖስታ ውስጥ ይክተቱና በላዩ ላይ የልጅቱን ዕድሜ፣ የደረቷን ልክና ቀኑን ይጻፉበት። ስታድግ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር በመጨመር ለሚቀጥለው ቀሚስ ያገለግላል። ጎረቤት ስትወልድም ያውሱት። ጨርቅ ለአንድ ልጅ ነው የሚሆነው፤ አንድ የወረቀት ቅድ ግን አንድ ግቢ ሙሉ ልጅ ሊያለብስ ይችላል።